አሮጌ ፒካፕ ስታንገጫግጭ፦ ከመሸጥ በፊት በተራ የሚሞከሩ ነገሮች

ባለፈው ዓመት እማዬን ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ ይዣት እየመጣሁ ነበር። ሸኖ ስንደርስ «እዚህ አውርደኝና በአውቶቡስ ልምጣ» አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። መንገዱ አስፋልት ነው፤ ከጫፍ ጫፍ 130 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። እሷ ግን በየጉብታው ወገቧን ይዛ «ኧረ በማርያም» ስትል ነው የመጣችው።

መኪናዬ በፈረንጆች 1999 የተሠራች ደብል ጋቢና ሃይሉክስ ናት። ሞተሯ ፋይቭ ኤል የሚባለው ናፍጣ ነው፤ ጠዋት በብርድ በአንድ ቁልፍ ትነሳለች። ጭስ የላትም። ሻንሲዋ ደህና ነው። ጥፋቷ አንድ ነው፤ ታንገጫግጫለች። ወዳጆቼ ሁሉ መልሳቸው አንድ ነበር፦ «ሽጣትና ቪጎ ግዛ።» ቪጎ ከእኔዋ ቀጥላ የመጣችው ሃይሉክስ ናት። እኔም ደላላ ጠራሁ። ደላላው ዞር አድርጓት ሲመለስ ከኋላ ጎንበስ ብሎ አየና «ወንድሜ፣ ይቺ እኮ አንድ ፍሬ ባሌስትራ ተጨምሮባታል። ምንድን ነው የምትጭንባት?» አለኝ። ምንም አልጭንባትም። ከእኔ በፊት የነበረው ሰውዬ ግን ድንጋይ ያመላልስባት ነበር።

ሽያጩ እዚያው ቀረ። ከዚያ በኋላ አራት ወር ሙሉ፣ ከርካሹ ጀምሬ አንድ በአንድ ነካካኋት። እዚህ የምጽፈው ያንን ቅደም ተከተል ነው። የእኔዋ ሃይሉክስ ብትሆንም፣ ባሌስትራ (ተደራርበው የታሰሩ ቀስት መሳይ ብረቶች፤ እያንዳንዱ ብረት ፍሬ ይባላል) ላይ የተቀመጠ ፒካፕ ሁሉ ነገሩ ያው ነው። ዋጋ አልጽፍም፤ ዛሬ የጻፍኩት ከነገ ወዲያ ያስቃል።

መጀመሪያ፦ ለምንድን ነው የምታንገጫግጨው?

ፒካፕ ለሰው ምቾት አልተሠራችም። የኋላ ባሌስትራዋ ወደ አንድ ቶን፣ ማለትም አሥር ኩንታል ግድም ታስቦለት ነው የተሠራው። ካሶኒው (የኋላው የጭነት ቦታ) ባዶ ሲሆን ያ ሁሉ ብረት የሚታጠፍለት ክብደት ያጣል። ጉድጓድ ስትገባ ባሌስትራው በመተጣጠፍ ፋንታ ጋቢናውን ሽቅብ ይወረውረዋል። ሲጫንባት ደግሞ ሌላ መኪና ትሆናለች። እኔ አራት ኩንታል ጤፍ ጭኜ ስመጣ እማዬ ከሰንዳፋ ጀምሮ ተኝታ ነው የገባችው። ያኔ ልብ ልል ይገባኝ ነበር።

ስለዚህ ከአሮጌ ፒካፕ የቤት መኪና ምቾት አትጠብቁ። የሚጠበቀው ፋብሪካው ወደሰጣት ጠባይ መመለስ ነው። እሱ ራሱ ብዙ ነው። እዚህ አገር ያሉ አሮጌ ፒካፖች አብዛኞቹ ከፋብሪካ ከወጡበት በላይ ደርቀዋል፤ ያደረቅናቸውም እኛው ነን። ባሌስትራ እናስጨምራለን፣ ጎማ እስኪጮህ እንነፋለን፣ ከፊት እናስነሳለን።

1. ስሜቱን ለዩት

ጋራዥ ሄዳችሁ «ታንገጫግጫለች» ካላችሁ፣ መካኒኩ መጀመሪያ የታየውን ይቀይርላችኋል። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ገንዘቡ የሚያልቀው እንዲህ ነው።

አንድ የምታውቁትን መንገድ ምረጡ። አስፋልት ያለው፣ ጉብታ ያለው፣ ትንሽም ቢሆን ኮረኮንች ያለው። እኔ የመረጥኩት ከሰፈሬ እስከ ቀለበት መንገድ ያለውን ነው። በአንድ ዓይነት ፍጥነት ንዱት። አጠገባችሁ ሰው አስቀምጡና የሚሰማውን ይጻፍ። ነጂ ከመኪናው ጋር ስለለመደ አይሰማውም፤ የማያውቃት ሰው ይሻላል። ከቻላችሁ አንዴ ባዶዋን፣ አንዴ ሁለት ሦስት ኩንታል ጭናችሁ ሞክሩ።

የሚሰማው ነገር ከአራቱ አንዱ ነው። አንደኛው «ጧ» የሚል ደረቅ ምት ነው፤ ትንሽ ጠጠር እንኳ ወንበር ድረስ ይሰማል። ይህ ባብዛኛው ጎማና አየር ነው፣ ወይም የማይተጣጠፍ ባሌስትራ። ሁለተኛው መንጠር ነው፤ ጉብታውን አልፋችሁ መኪናዋ ሁለት ሦስቴ ከፍ ዝቅ ትላለች። ሾክ አብዞርበር ነው፤ መንጠሩን የሚያበርደው ዘይት ያለበት ቱቦ። ሦስተኛው መንኳኳት ነው፤ «ቀጭ ቀጭ»፣ «ዷ»። ቦኮላ (ብሎን የሚያልፍበት የጎማ ትራስ) ወይም የላላ ብሎን። አራተኛው በ80 እና በ100 ኪሎ ሜትር መካከል የሚመጣ መንቀጥቀጥ ነው። እሱ የጎማ ባላንስ ወይም የክሮቼራ (ወደ ኋላ አክሰል የሚሄደው ዘንግ መጋጠሚያ) ነገር ነው፤ ከባሌስትራ ጋር አይገናኝም።

የእኔዋ ሦስቱ ነበሩባት። ያልነበረባት መንቀጥቀጡ ብቻ ነው።

አንድ ተጨማሪ ፍንጭ። ኮረኮንች ላይ መጀመሪያ ደህና ሆና፣ አሥር ደቂቃ ከሄዳችሁ በኋላ መንጠር ከጀመረች ሾኩ አልቋል ማለት ነው። ውስጡ ያለው ዘይት ሲሞቅ ይቀጥንና መያዝ ያቅተዋል።

2. አየሩን አስተካክሉ

ይህ ከሁሉ ርካሹ ነው፤ ለውጡም ከሁሉ ፈጥኖ ይታያል። የሚገርመው ግን ሰው መጨረሻ የሚያስበው እሱን ነው።

ጎሚስታ ጋ ሄዳችሁ «ንፋልኝ» ካላችሁ ፒካፕ መሆኗን አይቶ ብዙ ይሞላል። ተጭናለች ብሎ ነው የሚያስበው፤ አይፈረድበትም። የእኔን ስለካ የኋላው 50 ፒኤስአይ ነበር። ባዶ መኪና ላይ 50! ጎማው ራሱ የመጀመሪያው ሞላ ነው፤ ድንጋይ አድርጋችሁት ስታበቁ ከበላዩ ያለውን ብትቀይሩ ምን ዋጋ አለው?

የሹፌሩን በር ክፈቱ። በሩ የሚዘጋበት ምሰሶ ላይ ወይም በሩ ጠርዝ ላይ የአየር ልክ የተጻፈበት ወረቀት ተለጥፏል። ባዶና የተጫነች ብሎ ይለያል። የእኔዋ ላይ ለባዶ 29 ይላል፣ ለጭነት ከኋላው ከፍ ይላል። ወረቀቱ ከተላጠ የመኪናዋን መመሪያ መጽሐፍ ፈልጉ፤ የጎማው ልክ ከተቀየረም ያንን ለሚያውቅ ጎሚስታ ንገሩት። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ቁጥር ጎማው የሚችለው ከፍተኛው ነው እንጂ ለእናንተ መኪና የተመከረው አይደለም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

የራሳችሁን መለኪያ ግዙ። ጠዋት መኪናዋ ሳትነሳ ለኩ፤ ስትነዱ ጎማው ይሞቅና ቁጥሩ ከፍ ይላል። ለምቾት ብላችሁ ከወረቀቱ በታች አትውረዱ። ያነሰ አየር ጎማውን ከውስጥ ያግለዋል፤ በረጅም መንገድ ላይ ያፈነዳዋል። ስትጭኑ ደግሞ መልሳችሁ ሙሉ። ይህቺን የሚረሳ ሰው አየሩን ባይነካው ይሻለው ነበር።

አሁን ያንኑ መንገድ ንዱት። እኔ ከ50 ወደ 30 ሳወርደው እማዬን ላሳያት ቸኩዬ ነበር።

3. ጎማውን እዩት

ጎማው ጎን ላይ «ዶት» ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥሮች አሉ። 2319 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ጥርሱ ቢኖርም ጎማ በዕድሜ ይደርቃል፤ ስድስት ዓመት ካለፈው በየጊዜው ስንጥቅ ፈልጉበት፣ አሥር ከሞላው አትከራከሩ፣ ቀይሩት። የደረቀ ጎማ ያንገጫግጫል፤ ዝናብ ላይ ደግሞ አይዝም።

ሌላው የጎማው ዓይነት ነው። 7.00-16 የሚሉት ቀጭን ጎማዎች ብዙዎቹ ናይለን ናቸው። ጭነት ላይ ጠንካራ ናቸው፣ ለመንገጫገጭ ግን ወደር የላቸውም። ራዲያል ጎማ ጎኑ ይተጣጠፋል፤ ልዩነቱ በአንድ ዙር ይታወቃል። ባለ «ሲ» ጎማ (ለምሳሌ 205 አር 16 ሲ) ለጭነት የተሠራ ነው። ከባድ ጭነት ካልጫናችሁ ቀለል ያለው ሊበቃ ይችላል፤ ግን የመሸከም አቅሙ ፋብሪካው ካዘዘው እንዳያንስ ሻጩን ጠይቁ። ቸርኬ አሳድጎ ቀጭን ጎን ያለው ጎማ መግጠም ያምራል። ለወገብ ግን ተቃራኒው ነው የሚበጀው።

መንቀጥቀጥ ያለባችሁ አራቱንም ባላንስ አስደርጉ። ካልጠፋ ክሮቼራውን አስፈትሹ።

4. ከሥር ግቡ

ደረቅ ቦታ፣ ደልዳላ መሬት። ጎማው ሳይነሳ መኪናዋ መሬት ላይ እንዳለች ብዙ ነገር ማየት ይቻላል፤ ፒካፕ ከፍ ያለች ስለሆነች የእጅ ባትሪ ይዞ ጎንበስ ማለት በቂ ነው። ማንሳት ካስፈለገ በክሪክ ብቻ ተማምናችሁ ከሥር አትግቡ። ጠንካራ የብረት ድጋፍ ከሻንሲው ሥር ይግባ፣ ጎማዎቹ ፊትና ኋላ ድንጋይ ይደረግላቸው። ክሪክ ሸርተት ያለበትን ሰው አውቃለሁ፤ እግዜር አወጣው።

የምታዩት ይህን ነው። ባሌስትራውን ቁጠሩ፤ ግራና ቀኝ እኩል መሆን አለበት። ቀለሙ ወይም ውፍረቱ ከሌሎቹ የተለየ ፍሬ ካለ ተጨምሯል። የተሰነጠቀ ካለ ዝገቱ ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር ሆኖ ይታያል። ባሌስትራውን ከአክሰሉ ጋር ያሰሩትን የዩ ቅርጽ ብሎኖች በእጅና በቁልፍ ሞክሩ። ባሌስትራው ጫፎቹ ላይ የታሰረባቸውን የጎማ ቦኮላዎች እዩ፤ ተበልተው ብረት ከብረት ከተገናኘ ያ ነው «ቀጭ ቀጭ» የሚለው። ሾኮቹ ላይ ዘይት ወርዶ አቧራ ለስኖ እንደሆነ እዩ። መጨረሻ ሻንሲው ላይ ባሌስትራው የተያያዘበትን ቦታ በመዶሻ እጀታ መታ መታ አድርጉ። ዝገቱ እየተላጠ ከወደቀና ብረቱ ሳስቶ ከተገኘ እዚህ ጋ ቁሙ። ወደ መጨረሻው ክፍል ሂዱ።

5. ቦኮላ

ባሌስትራ ሲጫን ይዘረጋል፤ ርዝመቱ ይጨምራል። ለዚህ ነው ከኋላ በኩል የሚወዛወዝ ማንጠልጠያ የተደረገለት። ማንጠልጠያው ዝጎ ከተያዘ ባሌስትራው መዘርጋት አይችልም፤ ደረቅ ምሰሶ ይሆናል። አንዳንዱ መኪና ላይ ግራሶ የሚገባበት ጡት አለ። ሰው እዚያ ቦታ ግራሶ እንደሚገባ ረስቶ ዓመታት ያሳልፋል። መጀመሪያ ግራሶ አስገቡና ሞክሩ፤ ብቻውን የሚያስገርም ለውጥ ያመጣ ጊዜ አለ።

የጎማ ቦኮላው ካለቀ ይቀየር። የመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ሂዳችሁ ስትጠይቁ «ኦርጅናል አለ፣ ታይዋን አለ፣ ቻይና አለ» ይሏችኋል። ለቦኮላ ኦርጅናሉን ፈልጉ፤ የዋጋው ልዩነት ከእጅ ዋጋው ያንሳል። ርካሹ በስድስት ወር ተበልቶ የመካኒኩን እጅ ሁለቴ ትከፍላላችሁ። ፕላስቲክ መሳይ ጠንካራ ቦኮላም አለ፤ ዕድሜው ረጅም ነው፣ ግን ንዝረቱን ወደ ጋቢና ያሳልፋል። ምቾት ለፈለገ ሰው ጎማው ይሻላል።

አሁን አንድ ነገር፤ መካኒኩ አጠገብ ቆማችሁ ተከታተሉት። የጎማ ቦኮላ ብሎን የመጨረሻው ጥብቀት የሚሰጠው መኪናዋ በጎማዋ መሬት ላይ ከቆመች በኋላ ነው። ተሰቅላ እያለች ከተጠበቀ ጎማው በተሳሳተ ቦታ ይታሰራል፤ መኪናዋ ስትወርድ ይጠመዘዛል። ሁልጊዜ ተወጥሮ ይኖርና ቶሎ ይቀደዳል፣ ጉዞዋም ደረቅ ይሆናል። አንድ ጋራዥ የእኔን ተሰቅላ አጥብቆ ሰጠኝ። በአራት ወር ውስጥ ተቀደደ። ሁለተኛ ጊዜ ራሴ ቆሜ አሳሰርኩ።

6. ሾክ አብዞርበር

የቤት መኪና ጥጓን ተጭነህ ስትለቃት ስንት ጊዜ እንደነጠረች ትቆጥራለህ። የፒካፕን ኋላ ግን በእጅ መጫን አይቻልም፤ ስለዚህ ይህ ሙከራ ከፊት ብቻ ይሠራል። ለኋላው የታችኛውን ብሎን አስፈትታችሁ ሾኩን በእጅ ጎትቱት፣ ግፉት። በሁለቱም አቅጣጫ ሳያቋርጥ፣ ቀስ ብሎ መታገል አለበት፤ ሲጎተት ከሚገፋበት ይልቅ ቢከብድ ችግር የለውም። መሐል ላይ ባዶ ቦታ ካለው፣ ወይም ያለ ትግል ከገባና ከወጣ አልቋል። ዘይት ያንጠባጠበም እንዲሁ።

ስትቀይሩ ግራና ቀኝ አብረው ይቀየሩ። እዚህ ላይ ደግሞ ወጥመድ አለ። ሻጩ «ጠንካራውን ውሰድ፣ ለኢትዮጵያ መንገድ ነው» ይላችኋል። ጠንካራው የሚጠቅመው ለሚጭን ሰው ነው። ባዶ ለምትነዳ መኪና ፋብሪካው የገጠመላትን ዓይነት ግዙ። ጋዝ ያለው ሾክ ኮረኮንች ላይ ሙቀት ይችላል፤ ግን ከዘይቱ ትንሽ ይደርቃል። ረጅም ኮረኮንች የምትሄዱ ከሆነ ጋዙን፣ ከተማና አስፋልት ከሆነ ዘይቱን። ያገለገለ ሾክ አትግዙ። ያገለገለ በር ይገዛል፣ ያገለገለ ስፖንዳ ይገዛል፤ ያገለገለ ሾክ ግን የሌላ ሰው ድካም ነው።

7. ባሌስትራው ራሱ

የእኔ መኪና ዋና በሽታ እዚህ ነበር።

የተጨመረ ፍሬ ካለ ይውጣ። ግን ከመውጣቱ በፊት ለራሳችሁ ሐቁን ንገሩ፦ ትጭናላችሁ ወይስ አትጭኑም? በወር አንድ ጊዜ ሲሚንቶ የሚጭን ሰው ቢያስወጣው ኋላዋ ይሰምጣል፤ አደጋም አለው። ፋብሪካው ካስቀመጠው ቁጥር በታች ደግሞ መቀነስ የለበትም። «አንድ ተጨማሪ እናውጣ፣ ትለሰልሳለች» የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁ አመስግናችሁ ውጡ። ፍሬን ስትይዙ አክሰሉ እንዳይጠመዘዝ የሚይዘው እሱው ባሌስትራ ነው።

ከተፈታ አይቀር ይጸዳ። በፍሬዎቹ መካከል ዝገት ይገባና አንዱ በሌላው ላይ መንሸራተት ያቅተዋል። በሽቦ ብሩሽ ተፈግፍጎ፣ ስስ ግራፋይት ያለው ግራሶ ተቀብቶ፣ ጫፋቸው ላይ የነበረው ፕላስቲክ ካለቀ አዲስ ገብቶለት ይመለስ። የተቃጠለ ዘይት ማፍሰስ የብዙ ጋራዥ ልማድ ነው። ለሳምንት ይለሰልሳል። ከዚያ አቧራ ይይዝና እንደ ሸካራ ወረቀት ብረቱን ይበላዋል፤ አዲስ ያስገባችሁትን የጎማ ቦኮላም ያባብጠዋል።

የዩ ቅርጽ ብሎኖቹን አዲስ ግዙ። አንዴ ከተወጠሩ በኋላ እንደገና ማሰር አይመከርም። 500 ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላ ተመልሳችሁ አስጠብቁ። ይህን ቀጠሮ ሰው ሁሉ ይረሳዋል፤ ስልካችሁ ላይ አሁኑኑ መዝግቡት።

ባሌስትራው ጉብጠቱን አጥቶ ተዘርግቶ የቀረ ከሆነ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ በእሳት ወይም በመዶሻ እንደገና ማጉበጥ ነው። ርካሽ ነው፣ ግን አይቆይም፤ በእሳት የተሠራው ደግሞ በሥርዓት ካልተጠናከረ ይሰበራል። ሌላው አዲስ ወይም ጥሩ ያገለገለ ሙሉ ስብስብ ነው። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

አንዳንድ ሰው ሁለት ኬሻ አሸዋ ካሶኒው ላይ ይጭናል። ይሠራል፤ አንድ ኩንታል እንኳ ልዩነቱ ይሰማል። ካደረጋችሁት ልክ ከኋላ አክሰሉ በላይ ይሁን፣ በገመድ በደንብ ይታሰር። ነዳጅ ይጨምራል። ለረጅም መንገድ አደርገዋለሁ፣ ከተማ ውስጥ አወርደዋለሁ።

8. ፊት

እንደ እኔዋ ዓይነት ሃይሉክስ፣ ከ1997 እ.ኤ.አ. በኋላ የመጡት ባለ አራት እግር (አራቱም ጎማ የሚጎትትላቸው)፣ ብዙዎቹ ከፊት ባሌስትራም ሞላም የላቸውም። በሻንሲው ጎን ርዝመቱን የተኛ ብረት አለ፤ ቶርሽን ባር ይሉታል። እሱ ነው እየተጠመዘዘ የሚሸከመው። ቪጎ ከመጣች ወዲህ ደግሞ ፊቱ ሞላ ሆኗል። ከዚያ በፊት ከነበሩት ባለ አራት እግሮች ብዙዎቹ ፊትም ባሌስትራ ናቸው፤ እነሱ ላይ ቁጥር 5ንና 7ን ለፊትም ድገሙት።

ቶርሽን ባር ያላችሁ አንድ ነገር አረጋግጡ። መኪናዋ ከፍ እንድትል ብሎኑን ማጥበቅ የተለመደ ነው፤ ያምራል፣ ወንድ መኪና ያስመስላታል። ግን ጎማውን የሚይዘው የላይኛው ክንድ እንዳያልፍ ከተደረገለት ማቆሚያ ጎማ ጋር ሊገናኝ ይደርሳል። ያኔ ጎማው ወደ ጉድጓድ መውረድ ሲፈልግ መውረጃ ያጣል፤ «ዷ» የሚለው ያ ነው። በክንዱና በማቆሚያው ጎማ መካከል ጣት የማይገባ ከሆነ ተነስታለች። ወደ ፋብሪካው ከፍታ በሁለቱም በኩል እኩል ዝቅ ትደረግ። ይህን ራሳችሁ አትሞክሩ፤ ብረቱ የተወጠረ ኃይል አለው። ካወረዳችሁ በኋላ አላይመንት ግድ ነው፣ አለበለዚያ ጎማ ትበላለች። በዚያው ቴስቲናና ቦል ጆይንቱም (የመሪውና የክንዱ መጋጠሚያዎች) ይታይ።

9. ወንበር፣ ጋቢና፣ የሚቀመጥበት ቦታ

ሃያ ዓመት የተቀመጡበት ስፖንጅ ስፖንጅ አይደለም። በእጃችሁ ተጫኑት፤ ከሥሩ ብረት ከተሰማችሁ ምንም ሾክ ብትቀይሩ ወገባችሁ ሲመታ ይኖራል። የመኪና ወንበር ሰፊዎች ጋ ወስዳችሁ ስፖንጁን ብቻ አስቀይሩ። ጠንከር ያለውን ምረጡ፤ ሱቅ ውስጥ ስትቀመጡበት የሚጣፍጠው ለስላሳው በዓመቱ ይሰምጣል። ከሥር ያሉት ሽቦዎች ከተበጠሱም በዚያው ይታሰሩ። ቆዳውን ለማሳመር የሚወጣው ገንዘብ ለዓይን ነው።

ጋቢናው ሻንሲው ላይ የተቀመጠው በጎማ ትራሶች ነው። እነሱ ሲያልቁ በየጠጠሩ ጋቢናው ራሱ ይርገፈገፋል፣ በሮቹ ይንኳኳሉ። ሰው ይህን ሳያይ ባሌስትራ ሲቀይር ይከርማል።

ከሁሉ በላይ ነፃው መፍትሔ ግን ይህ ነው። የደብል ጋቢና የኋላ ወንበር ቀጥ ያለ፣ ስስ፣ ለኋላው አክሰል የቀረበ ነው። ያን ቀን አጎቴ «ትልቅ ሰው ነኝ» ብሎ ከፊት ተቀምጦ፣ እማዬ ከኋላ ነበረች። አሁን ከፊት እሷ ናት።

እንግዲህ ልሽጣት ወይስ ላቆያት?

ሻንሲዋ ከተሰነጠቀ፣ ወይም ባሌስትራው የተያያዘበት ቦታ በዝገት ከሳሳ ምቾቱን ተዉት፤ የደህንነት ጉዳይ ነው። በብየዳ ላይ ብየዳ የተጨመረበት ሻንሲ ላይ ገንዘብ አታፍስሱ። ሞተሩም ካምቢዮውም አብረው ካረጁ እንዲሁ። ምቾት ብቻውን ከሆነ ግን የመሸጥ ምክንያት አይመስለኝም።

ሒሳቡን እንዲህ ሥሩ። ከላይ ያለውን ሁሉ ሳይሆን፣ በቁጥር 1 የጻፋችሁትን የሚያድነውን ብቻ በዋጋ ዘርዝሩ። አጠገቡ ደግሞ የእናንተን መኪና ሽያጭና የምትገዙትን ግዢ ልዩነት ጻፉ፤ የስም ማዛወሪያውን፣ የደላላውን፣ አዲሷ ከገባች በኋላ የምትጠይቀውን ጎማና ሰርቪስ ጨምሩበት። የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት አክብዶታል፤ ከሐምሌ 2016 ጀምሮ ብሩ በገበያ ዋጋ ሲተመን ደግሞ ሁሉም ነገር ዘለለ። የእናንተም መኪና ዋጋ ወጥቷል፣ እውነት ነው። የምትገዟት ግን አብልጣ ወጥታለች።

ደግሞ ምን ልትገዙ ነው? ቪጎም፣ ከእሷ ቀጥላ የመጣችው ሃይሉክስ ሪቮም ከኋላ ባሌስትራ ናቸው። የአይሱዙ ፒካፕ ዲማክስም እንዲሁ። አዲስ ስለሆኑ ይሻላሉ፣ ወንበራቸው ይሻላል፣ ፊታቸው ሞላ ነው። ግን ባዶ ሲሆኑ ኋላቸው ያው ፒካፕ ነው። ከኋላ ሞላ ያላቸው ጥቂት ፒካፖች አሉ፤ በ2015 እ.ኤ.አ. ግድም የመጣችው የኒሳን ናቫራ በብዙ አገር ደብል ጋቢናዋ እንዲያ ናት። የእሷ መለዋወጫ ግን ለሃይሉክስ እንዳለው በየቦታው አይገኝም። ከመግዛታችሁ በፊት የፈለጋችኋትን መኪና በዚያው በራሳችሁ መንገድ፣ ካሶኒው ባዶ ሆኖ፣ ያችኑ ሰው አስቀምጣችሁ ንዷት። ሻጭ «መንገዱን እኔ ልምረጥ» ካለ ለስላሳውን ነው የሚመርጠው።

ሌላ ጥያቄ፦ ካሶኒው በዓመት ስንት ቀን ይጫናል? እኔ ቆጠርኩት፤ ወደ ሃያ ቀን። ለእኔ ይህ በቂ ነው። አምስት ቀን የሚጭን ሰው ግን ፒካፕ በፒካፕ ባይለውጥ ይሻለዋል። ሌላ ዓይነት መኪና ገዝቶ፣ ለአምስቱ ቀን አይሱዙ ቢከራይ ያተርፋል።

እኔ አየሩን አስተካከልኩ፣ አንዷን ፍሬ አስወጣሁ፣ ቦኮላና የኋላ ሾክ ቀየርኩ፣ የፊት ወንበሮቹን ስፖንጅ አስሞላሁ። ፊቱን ዝቅ አስደረግሁ። ጎማው ገና ነው፣ እስከ ክረምት ይቆየኛል። በፋሲካ እማዬን ይዤ ስመጣ ሸኖ ላይ ቆመን ሻይ ጠጣን። ስለ አውቶቡስ አላነሳችም። ሰንዳፋ አካባቢ ግን «ይሄ ምንድን ነው የሚንኳኳው?» አለች። ከፊት በግራ በኩል ነው። ቅዳሜ ከሥር እገባለሁ።